ትራስ ሥር የተገኘው «አልጀብራ»፦ ስለ ልጆች ንባብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በቅርቡ አንሶላዋን ስቀይር ትራሷ ሥር አንድ ልብ ወለድ አገኘሁ። በደብተር ወረቀት ተለብዷል፤ ላዩ ላይ በእሷ የእጅ ጽሑፍ «አልጀብራ» ይላል። ከመጽሐፉ ይልቅ ልባዱ አሳሰበኝ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሉትን ጆሮ ሰጥቼ እሰማለሁ።

«መጥፎ መጽሐፍ ልጅ ያበላሻል»

ክሱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ዌርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ ሲል በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት መሰከረ። ወላጅ ደነገጠ፤ አሳታሚዎችም በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። የሐኪሙ የግል ወረቀቶች ለተመራማሪዎች ክፍት የሆኑት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር አገላብጣቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ እንዳደረገችው፣ ሐኪሙ የልጆቹን ቃል ቆርጦና ቀጥሎ አቅርቧል፤ ልጆቹን ያወኩ ሌሎች ምክንያቶችንም አሳንሷል። የአንድ ትውልድ ወላጅ መጽሔት እየነጠቀ የቀደደው በዚህ ማስረጃ ነበር።

«እንግዲያው መጽሐፍ ምንም አያደርግም፤ ብቻ ያንብቡ»

ይህ ደግሞ ስንፍና ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ተደግፌበታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ መገናኛ ብዙኃን ራስን ስለ ማጥፋት ሲዘግቡ ዘዴውን በዝርዝር እንዳይገልጹ የሚመክረው በከንቱ አይደለም፤ የሚነበብ ነገር የተጨነቀን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ምክሩ የተሰጠው ለዘጋቢዎች ነው፤ ለወላጅ ግን ይጠቅማል። ልጁ ሰሞኑን ከሰው ከሸሸ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ምን እንደሚያነብ ማወቅ ስለላ አይባልም። መጽሐፉን ነጥቆ በሩን ዘግቶ መውጣት ግን ልጁን ከነሐዘኑ ብቻውን መተው ነው።

«በቤቴ ወሳኙ እኔ ብቻ ነኝ»

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (ስምምነት) በአንቀጽ 13 ልጅ መረጃ የመሻትና የመቀበል ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 5 ደግሞ ወላጅ፣ ከልጁ እየዳበረ ከሚሄድ ችሎታ ጋር የሚጣጣም ምሪት የመስጠት መብትና ኃላፊነት አለው ይላል። «እየዳበረ የሚሄድ» የሚለውን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥንቃቄ የሆነው ክልከላ ለአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ንቀት ይሆናል።

«ከከለከልኩ አያነብም»

አልጀብራ።

መጽሐፉን ከልጄ ተውሼ አነበብኩት። አንድ የሚያሳፍር ምዕራፍ አለው፤ እንዴት አድርጌ ላንሣው ብዬ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። ስጠይቃት ግን ያንን በቅጡ አታስታውሰውም። እሷን ያስለቀሳት ጀግናዋ ከእናቷ ጋር ሳትታረቅ መለያየቷ ነበር፤ በዚያ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ሁለተኛውን ክፍል ማን ቀድሞ እንደሚያነብ ግን እስካሁን አልተስማማንም።