አካል ጉዳተኞች በኢትዮጵያ የቅጥር ሂደት

ሥራ የሚፈልግ አካል ጉዳተኛ ብዙውን ጊዜ ከውድድር የሚወጣው ቃለ መጠይቅ ሳይደርስ ነው። «የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን በመያዝ 4ኛ ፎቅ በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ» የሚል ማስታወቂያ ያላነበበ ሥራ ፈላጊ የለም። ሕንፃው ሊፍት ከሌለው፣ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ነገሩ እዚያው ደረጃው ሥር ያልቃል። ማንም አልከለከለውም፤ ስሙ ግን መዝገብ ላይ አይገኝም። በኋላ መሥሪያ ቤቱ «አካል ጉዳተኛ አላመለከተም» ሲል እውነቱን ነው፤ ለምን እንዳላመለከተ ግን የጠየቀ የለም።

ለዓይነ ስውራን ችግሩ ከዚያም ይቀድማል። ግድግዳና ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሰው ዓይን ይፈልጋል። ማስታወቂያው ወደ ቴሌግራም መምጣቱ ነገሩን ሊያቀለው ሲገባ፣ አብዛኛው የሚለቀቀው በፎቶ ነው። የስልኩ ድምፅ አንባቢ ፎቶው ላይ ሲደርስ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል፤ ደመወዙን፣ የመመዝገቢያ ቀኑን፣ የሥራ መደቡን አያነብም። ያንኑ ማስታወቂያ ከሥሩ በጽሑፍ መድገም ምንም ወጪ የለውም።

ሕጉ ከአሠራሩ ቀድሞ ሄዷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች ተለይተው የሚያዙ የሥራ መደቦችን ያስብ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተተካው በአዋጅ ቁጥር 568 ነው፤ የአዲሱ አዋጅ መግቢያም የቀድሞው አካሄድ አካል ጉዳተኞች ተወዳድረው ሥራ መያዝ አይችሉም የሚል ስሜት እንዳሳደረ በግልጽ ይናገራል። ይህ ትልቅ ለውጥ ይመስለኛል። ጥያቄው «የትኛውን ቦታ እንተውላቸው?» ከማለት «ውድድሩ ራሱ ለማን ተሠራ?» ወደሚል ዞሯል።

የአዋጁ ዋና ሐሳብ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይባላል። አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራውን መስፈርት፣ የሥራ ሰዓቱንና አካባቢውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ያስተካክላል ማለት ነው። አቅም አይፈቅድም የሚለው መከራከሪያ የሚመዘነው በማስተካከያው ወጪ፣ በድርጅቱ ስፋትና በሠራተኞቹ ብዛት ነው፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ባንክና አንድ ትንሽ ሱቅ እኩል አይጠየቁም። የማስረዳት ሸክሙም ተገላብጧል፦ በቅጥር አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ሲመሠርት፣ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። ይህን የሚያውቅ የሰው ኃይል ባለሙያ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚጽፈውን ማስታወሻ ይጠነቀቅበታል። ከዚያ ወዲህ ሀገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ መፈጸምን ይከለክላል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር የሚሄዱትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ያ የ4ኛ ፎቅ ምዝገባ ከዚህ ሁሉ ሕግ ጋር ይጋጫል።

ወደ ፈተናው ክፍል እንግባ። ዓይነ ስውሩ ተፈታኝ በብሬል ወይም በአንባቢ ይፈተናል፤ በተግባር በብዛት የሚገኘው አንባቢ ነው። አንባቢው በዕለቱ ከቢሮ ተጠርቶ የመጣ፣ ሙያውን የማያውቅ ሰው ከሆነ የሒሳብ ምልክቱን ይዘለዋል፣ ሠንጠረዡን እንዴት እንደሚያነብ ይጨንቀዋል፣ ጥያቄ ድገምልኝ ሲባል ይሰለቻል። ተፈታኙ መልሱን እያወቀ ሰዓቱ ያልቃል። ተጨማሪ ሰዓት መስጠትና የዘርፉን ቃላት የሚያውቅ አንባቢ አስቀድሞ ማዘጋጀት ውጤቱን ይለውጠዋል። መስማት ለተሳናቸው አመልካቾችም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የግድ ነው፤ ሆኖም ጠያቂዎቹ አመልካቹን ትተው አስተርጓሚውን እያዩ «እሱ ምን ልምድ አለው?» ብለው ሲጠይቁ ይታያል። ጥያቄው በቀጥታ ለአመልካቹ መቅረብ አለበት።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የ1999 እና የ2010 ዓ.ም. የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጡ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ሰጥተዋል። ቅድሚያው ግን የሚሠራው ፈተና ላይ ለደረሰ ብቻ ነው።

ሥራው ከተገኘ በኋላ የምትመጣ አንዲት የቆየች አንቀጽ አለች። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የተጻፈው ማንም እንዳያታልለው ለመጠበቅ ነው። ዛሬ ግን ሰነዱን በኮምፒውተር ድምፅ አንብቦ የሚጨርስ፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈርም የሚውል ባለሙያ አለ።