«ጎበዝ ሠራተኛ ጎበዝ አለቃ ይሆናል» ያለው ማነው?

በአቃቂ ቃሊቲና በገላን ፋብሪካዎች ሥልጠና እሰጣለሁ። የሠራተኛና የኃላፊ ብቃት በምን ይገለጻል የሚለውን ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው ያው ነው። ዛሬ ተናግሬው ይውጣልኝ።

«ብቃት ማለት ዲግሪ ነው።» አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ ከአእምሮ ፈተና ይልቅ ብቃት ይመዘን ብሎ የጻፈው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ዘንድም ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) የተፈተነ ሁሉ በተግባር መመዘን ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ጸባዩ ጥሩ ከሆነ ይበቃል።» ለጎረቤትነት፣ አዎ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ጎበዝ አለቃ ይሆናል።» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ (ስሙ ይቅርብን) ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላይ ማንም የማይደርስባት ልጅ ነበረች። ሱፐርቫይዘር አደረጓት። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ የአንዲት አዲስ ሠራተኛ ማሽን ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ባለማሽኗ አጠገቧ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ከኋላቸው ያልተሰፋ እጅጌ እስከ ጉልበት ተከምሯል። «ለምን አታሳዪያትም?» አልኳት። «ከማሳያት እኔ ብሰፋው ይፈጥናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይፈጥናል። ሥራዋ ግን እሱ አልነበረም።

ደግሞ ማን ነገራት? የሱፐርቫይዘሩን መመዘኛ አውጥተው አሳዩኝ። «ጠንካራ የአመራር ክህሎት ያላት፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምትችል» ይላል። ይሄ ለጥበቃም ለሥራ አስኪያጅም ይሆናል! ብቃት የሚጻፈው በዓይን በሚታይ ሥራ ነው። «ሥራ አንድ ቦታ ሲከማች ሰው ታዛውራለች። አዲስ ሠራተኛ ስትሳሳት አሳይታ ራሷን ታሠራታለች። ትዕዛዝ ሊዘገይ ሲል ቀድማ ለአለቃዋ ትናገራለች።» ይህን የያዘ ሰው መስመሩ ዳር ቆሞ ማየት ይችላል። የኦፕሬተሯ (የማሽን ሠራተኛዋ) መመዘኛ ግን ሌላ ነው፦ የስፌቷ ጥራት፣ ፍጥነቷ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ቶሎ መናገሯ። ሁለቱን በአንድ ቅጽ አትመዝኑ።

«መመዘኛውን ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ይጻፈው።» ኤችአር ብቻውን ከጻፈው ከኢንተርኔት ይገለብጣል። እኔም ድሮ አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ይልቅ ሥራቸው የሚሳካላቸውን ሁለት ሦስት ሱፐርቫይዘሮች አንድ ሙሉ ሺፍት ተከተሏቸውና የሚያደርጉትን ጻፉ።

ልጅቷ ወደ ማሽኔ ልመለስ ብላ ጠይቃ ነበር። «ከእድገት በኋላ ውርደት ነው» ብለው እምቢ አሏት። ለቃ ሌላ ፋብሪካ በኦፕሬተርነት ገባች። ቦታዋን ለማን ሰጡት? በፍጥነት ከእሷ ቀጥላ ለነበረችው።