«የካሊፎርኒያ ሻምፓኝ» የሚለው ስያሜ እንዴት ሕጋዊ ሆነ?

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻምፓኝ ተብሎ የሚጠራው በፈረንሳዩ የሻምፓኝ ክልል የሚመረት አረፋማ ወይን ጠጅ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በአሜሪካ መደብሮች «የካሊፎርኒያ ሻምፓኝ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠርሙሶች ዛሬም በግልጽ ይሸጣሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. በተፈራረሙት የወይን ጠጅ ንግድ ስምምነት መሠረት አዲስ አምራች በስሙ መጠቀም ባይችልም፣ ቀድሞውኑ ሲጠቀሙበት የነበሩት ግን ትክክለኛውን የምርት ቦታ አብረው እስከጻፉ ድረስ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል። በአንጻሩ በ1973 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ የሻምፓኝ አምራች ሞኤ ኤ ሻንዶን የተመሠረተው፣ በካሊፎርኒያ ናፓ ሸለቆ የሚገኘው ሻንዶን ምርቱን አረፋማ ወይን ብቻ ይለዋል፤ የእናት ድርጅቱን ስም ማርከስ አይፈልግምና ይህ የሚጠበቅ ነው።

ቀምሶ ለማወዳደር ለሚፈልግ ሰው ግን ስያሜው ብዙም አይረዳውም። ኮርቤልና ኩክስ የተባሉት የወይን ጠጅ ምርቶች ሁለቱም «የካሊፎርኒያ ሻምፓኝ» ተብለው ቢሸጡም፣ አረፋ የሚፈጥረው ሁለተኛው መብላላት በኮርቤል የሚካሄደው በጠርሙስ ውስጥ ሲሆን በኩክስ ግን በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ነው። በጠርሙስ ውስጥ ከእርሾው አተላ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ ወይን የተጠበሰ ዳቦን የሚያስታውስ ጣዕም ሲያዳብር፣ የጋኑ ወይን የትኩስ ፍራፍሬ ጣዕም ያመዝንበታል። ስለዚህ ከስያሜው ይልቅ የአመራረት ዘዴውን ማንበብ ይበጃል። ለማወዳደር የሚመረጡት ወይኖች የጣፋጭነት ደረጃም መመሳሰል አለበት፤ «ኤክስትራ ድራይ» የተባለው፣ ስሙ ደረቅነትን፣ ማለትም ጣፋጭ አለመሆንን፣ ቢያመለክትም፣ በተለምዶ «ብሩት» ከተባለው ደረጃ ይጣፍጣል።