ሁለገብና ታታሪ ተጫዋች በእግር ኳስ ቡድን ውስጥ

ሁለገብ ተጫዋች የሚባለው ከአንድ በላይ በሆነ የሜዳ ክፍል ተሰልፎ የቡድኑን አቋም ሳያወርድ መጫወት የሚችል ነው። ስሙ ከታታሪነት ጋር አብሮ ቢነሳም ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ብዙ የሚሮጥ ሁሉ ቦታ መቀያየር አይችልም። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ለአሰልጣኝ ሲሳይ ነው። ተመልካችና ሽልማት ሰጪ ግን ብዙ ጊዜ ያልፉታል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት አቆጣጠሩ ነው። ግብ፣ ለግብ የተመቻቸ ኳስ፣ የዳነ ኳስ ይመዘገባል። ተመላላሹ (የመስመር ተከላካዩ) ለማጥቃት ሲወጣ ክፍተቱን ለመድፈን 30 ሜትር ወደኋላ የሮጠ አማካይ ግን ኳሷ ወደዚያ ካልመጣች ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። ያልመጣችው እሱ ስለነበረ ነው! የሮጠው ርቀትም ብቻውን ብዙ አይናገርም። አማካዮች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ፤ ቦታውን ስቶ ያመለጠውን ሰው ሲያሳድድ የዋለም ያማረ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

የማንቸስተር ዩናይትዱ ፓርክ ጂ ሱንግ ጥሩ ማሳያ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2008 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ባርሴሎና በድምር ውጤት ሲሸነፍ በሁለቱም ጨዋታ ተሰልፏል፤ ለፍጻሜው ግን ከተጠባባቂዎች እንኳን አልተቆጠረም። በመጋቢት 2010 ኤሲ ሚላን 4 ለ 0 ሲረታ ሥራው አንድሪያ ፒርሎን እግር በእግር መከተል ነበር። የሚላን ጨዋታ ከፒርሎ ስለሚነሳ እሱን ማፈን ምንጩን መድፈን ነበር። ፓርክ በዚያው ምሽት ግብም አስቆጥሯል።

የሁለገብነት ጥቅም በሒሳብም ይታያል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ ተጫዋቾችን የሚያስመዘግቡት እስከ 25 ብቻ ነው። ሦስት ቦታ የሚሸፍን አንድ ተጫዋች ካለ ለሌላ ሰው ስፍራ ይተርፋል። ቅያሪ ሲያልቅማ ዋጋው ይብሳል። በየካቲት 2007 ዩናይትድ ከቶተንሃም ሲጫወት ግብ ጠባቂው ኤድዊን ቫን ደር ሳር አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ፤ ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ነበር። ጓንቱን ያጠለቀው ተከላካዩ ጆን ኦሼ የቶተንሃሙ ሮቢ ኪን ያገኘውን ዕድል አክሽፎ ጨዋታው በዩናይትድ 4 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ። ቅያሪ ወደ አምስት ከፍ ካለ በኋላ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ቀንሷል።

ሌላው ጥቅም ሰው ሳይቀይሩ አሰላለፍ መቀየር ነው። በ2010 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ የጣሊያኑ ኢንተር ባርሴሎናን በባርሴሎና ሜዳ ሲገጥም የኢንተሩ ቲያጎ ሞታ በ28ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። አጥቂው ሳሙኤል ኤቶ መስመሩን ይዞ ወደኋላ ወርዶ እንደ ተከላካይ ሠራ፤ ኢንተር 1 ለ 0 ቢሸነፍም በድምር ውጤት አለፈ። በዚያ ጨዋታ በግራ ተከላካይነት የተሰለፈው ሃቪየር ዛኔቲ በፍጻሜው አማካይ ነበር።

ቦታ መቀየር ግን በመመሪያ ብቻ አይሳካም። ቀኝ እግረኛን ግራ ተመላላሽ ማድረግን እንውሰድ፤ ጄምስ ሚልነር በ2016/17 በሊቨርፑል አብዛኛውን ጊዜ የተጫወተው እንዲህ ነው። ከጥግ ለማሻማት ኳሷን ወደ ቀኝ እግሩ መመለስ ስላለበት አንድ ሁለት ሰከንድ ያልፋል፤ ያኔ ተጋጣሚ በሳጥኑ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ጫና ሲበዛበትም ኳሷን በመስመሩ ከመላክ ይልቅ ወደ መሐል ይዞ ስለሚገባ በቀላሉ ይነጠቃል። በአንጻሩ ግራ እግረኛ የክንፍ አጥቂ ወደ ውስጥ ሲያጥፍበት የሚነጥቅበት ጠንካራ እግሩ በዚያው በኩል ነው።

አማካይ ወደ መሐል ተከላካይነት ሲወርድ ስህተቱ ሌላ ነው። ኳስ ባየ ቁጥር ወደፊት መውጣት ለምዷልና የተከላካዮቹን መስመር ያፈርሳል፤ ወይም እሱ ብቻ ወደኋላ ቀርቶ ከጨዋታ ውጪ የነበረውን አጥቂ ነጻ ያደርጋል። መፍትሔው አራቱ ተከላካዮች አብረው መውጣትና መውረድን ያለ ተጋጣሚ ደጋግመው መለማመድ ነው። ከተከላካይነት ወደ አማካይነት የሚወጣው ደግሞ ሜዳውን ከፊቱ ማየት ስለለመደ ከጀርባው የሚመጣበትን አያይም፤ ኳስ ሳይደርሰው በፊት በሁለቱም ትከሻው ዞር ብሎ ማየትን መልመድ አለበት።

ጉዳቱ ደግሞ በራሱ በተጫዋቹ ላይ ይወድቃል። በየሳምንቱ ቦታ የሚቀያየር ወጣት የትኛውንም ሳያጠራ ይቀራል፣ የአንዱ ቦታ ባለቤት ሲድን ደግሞ ወደ ተጠባባቂ ወንበር የሚመለሰው እሱ ነው። አምስት ቦታ በመጠኑ ከመቻል ሁለት ተቀራራቢ ቦታ ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል፤ ለምሳሌ ቀኝ ተመላላሽነትንና ተከላካይ አማካይነትን። አሰልጣኙም የሚሰለፍበትን ቦታ በጨዋታው ዕለት ጠዋት ሳይሆን ቢያንስ ሁለት የልምምድ ቀን ሲቀር ቢነግረው፣ የሚገጥመውን ክንፍ አጥቂ ለይቶ አጠገቡ ከሚሰለፈው ተከላካይ ጋር ማን ወጥቶ ማን እንደሚሸፍን ይነጋገራል።