የራስን ራውተር ከቤት ፋይበር ኢንተርኔት ጋር መጠቀም፦ በዋነኛነት የጀርመን ታሪክ

የቤት ፋይበር ኢንተርኔት ደንበኛ አቅራቢው በሚሰጠው ሳጥን ፈንታ ራሱ የገዛውን ራውተር መጠቀሙ በአንዳንድ አገሮች በሕግ የተረጋገጠ መብት ነው። በሌሎች አገሮች ዝም ተብሎ ይታለፋል፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ አቅራቢው በቴክኒክ ዘዴ ይዘጋዋል። ልዩነቱ ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ የአቅራቢው ኔትወርክ የሚያበቃው የት ላይ ነው? ግድግዳው ላይ ባለው የፋይበር መሰኪያ የሚያበቃ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የደንበኛው ነው። ሳጥኑ ጀርባ ባለው የኬብል ቀዳዳ የሚያበቃ ከሆነ ግን ሳጥኑም የኔትወርኩ አካል ይሆናል፤ ደንበኛውም በገዛ ሳሎኑ ውስጥ የሰው ዕቃ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የጀርመንን ታሪክ ይከተላል። ክርክሩ በሰፊው የተመዘገበው እዚያ ነው፤ ተጠቃሚው በግልጽ የረታውም እዚያ ነው። ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መስመሩና ሳጥኖቹ

ከመንገድ የሚመጣው ፋይበር ቤት ውስጥ ሲገባ ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ትንሽ መሰኪያ ያበቃል። መሰኪያዋ ኤሌክትሪክ አትፈልግም። ከእርሷ በቀጭን ገመድ የሚገናኘው ኦኤንቲ የሚባል መሣሪያ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። ራውተሩ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሥራው መስመሩን ለቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ማከፋፈል ነው። ብዙ አቅራቢዎች ኦኤንቲውንና ራውተሩን በአንድ ሳጥን አጣምረው ስለሚሰጡ ደንበኛው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መኖራቸውን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ራውተሩን ብቻ መለወጥ ቀላል ነው፤ ጠቡ ያለው ኦኤንቲው ላይ ነው።

ምክንያቱም አብዛኛው የቤት ፋይበር ጂፖን በተባለው ሥርዓት ይሠራል። ከአቅራቢው ማዕከል የሚነሳ አንድ ፋይበር፣ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ የብርሃን መክፈያ፣ ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፋፈላል። ወደ ቤቶቹ የሚወርደው መረጃ በ1490 ናኖሜትር ብርሃን በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ነው፤ ከቤቶቹ የሚወጣው በ1310 ናኖሜትር 1.25 ጊጋቢት ገደማ ነው፤ ሁሉም ይጋሩታል። የሚወርደው ለሁሉም ቤት ይደርሳል፣ እያንዳንዱ ኦኤንቲም የራሱን ብቻ መርጦ ይወስዳል። የሚወጣው ግን በተራ ነው፤ ኦኤንቲው ማዕከሉ በፈቀደለት ቅጽበት ብቻ ያበራል። ተራውን ሳይጠብቅ የሚያበራ ብልሹ መሣሪያ ቢኖር የጎረቤቶቹን መስመር ጭምር ሊያውክ ይችላል። ማዕከሉ መሣሪያዎቹን በመለያ ቁጥራቸው፣ አንዳንዴም በይለፍ ቃል ጭምር ስለሚያውቃቸው፣ ያልተመዘገበ ኦኤንቲ መብራቱን ከማብለጭለጭ አልፎ ኢንተርኔት አያገኝም።

ከፖስታ ቤቱ ስልክ እስከ 2016

በምዕራብ ጀርመን የስልክ መስመሩም ሆነ መሣሪያው የመንግሥቱ ፖስታ ቤት የቡንደስፖስት ንብረት ነበር። ደንበኛው ስልኩን ተከራይቶ ይጠቀማል እንጂ የእኔ ነው አይልም። ያልተፈቀደ መሣሪያ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት በሕግ ያስጠይቅ ነበር። ይህን ክልከላ በ1980ዎቹ በይፋ ከተዳፈሩት አንዱ በ1981 በርሊን ውስጥ የተመሠረተው የኮምፒውተር ጠላፊዎች ማኅበር፣ ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ፣ ነው። ክለቡ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው የሚችል ሞደም፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ንድፍ አሰራጨ። የስልኩን እጀታ አጥብቀው የሚይዙት የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ጎማዎች ስለነበሩ መሣሪያው ዳተንክሎ፣ ማለትም የመረጃ መጸዳጃ፣ የሚል ስም ወጣለት።

የአውሮፓ ኮሚሽን በ1988 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮች በመሣሪያ ንግድ ላይ የያዙትን ሞኖፖል እንዲያነሱ አዘዘ። በጀርመን ከሐምሌ 1 ቀን 1990 ጀምሮ ሰው የፈለገውን ስልክ ገዝቶ መሰካት ቻለ።

ኢንተርኔት ሲመጣ ግን አሮጌው ልማድ በአዲስ ሳጥን ተመለሰ። አንዳንድ አቅራቢዎች ለደንበኛው የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አይሰጡም ነበር፤ መረጃው ሳጥኑ ውስጥ ተሞልቶና ተቆልፎ ይመጣ ነበር። በርሊን የሚገኘውና ያን ጊዜ ኤቪኤም ይባል የነበረው ኩባንያ ከ2004 ጀምሮ የሚያመርተው ፍሪትዝቦክስ በጀርመን ቤቶች ውስጥ ስሙ የገነነ ራውተር ሆኖ ሳለ፣ በሱቅ የገዛው ደንበኛ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ያቃተው ጊዜ ብዙ ነው። የሸማቾች ማኅበራት፣ ካኦስ ኮምፒውተር ክለብና የአውሮፓ ነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጉዳዩን አጥብቀው ይዘው ለዓመታት ተከራከሩ። የፌዴራል ምክር ቤቱ ቡንደስታግ በኅዳር 2015 ሕጉን አጸደቀ፤ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ሥራ ላይ ዋለ።

ሕጉ አጭር ነው፣ ደግሞም ብልህ ነው። ኔትወርኩ የሚያበቃው ኤሌክትሪክ በማይፈልገው መሰኪያ ላይ መሆኑን ደነገገ። አቅራቢው ለመገናኘት የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ፣ ደንበኛው ሳይጠይቅና ያለ ክፍያ፣ ውሉ ሲፈረም መስጠት አለበት። የራሱን ሳጥን ማከራየት አልተከለከለም፤ የተከለከለው ማስገደድ ነው። ትልቁ ለውጥ የታየው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ኢንተርኔት በሚያገኙ ቤቶች ነበር፤ የኬብል ሞደም ያለበትን ራውተር ከሱቅ ገዝቶ መሰካት የተቻለው ያን ጊዜ ነው። ድንጋጌው ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በአዲሱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 73 ውስጥ ይገኛል።

ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ አራት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2016 መጨረሻ፣ ወደ 900,000 የሚጠጉ የትልቁ የጀርመን አቅራቢ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ኢንተርኔት ተቋረጠባቸው። ሚራይ የተባለውን ጎጂ ፕሮግራም የሚያሠራጩ ሰዎች፣ አቅራቢዎች ሳጥኖችን ከርቀት ለማስተዳደር በሚጠቀሙበት 7547 ቁጥር በር በኩል ሊገቡ ሞክረው ነበር። መቆጣጠር አልቻሉም፤ ሳጥኖቹ ግን ቆሙ። ቴሌኮሙ በፍጥነት የሶፍትዌር ማስተካከያ ማውጣቱን መካድ አይቻልም። ቢሆንም ተመሳሳይ ሳጥን በመቶ ሺዎች ቤት መኖሩ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የፋይበሩ ክርክር

ፋይበር ሲስፋፋ አቅራቢዎች ጥያቄውን እንደገና አነሱት። የኩባንያዎቹ ማኅበራት፣ ጂፖንን በመሰለ የጋራ ፋይበር ላይ ኦኤንቲው የኔትወርኩ አካል ሆኖ እንዲቆጠር የጀርመን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ የሆነውን የፌዴራል ኔትወርክ ኤጀንሲ ልዩ ፈቃድ ጠየቁ። ያቀረቡት ምክንያት ከላይ የተጠቀሰው ነው፦ አንድ ብልሹ መሣሪያ ሠላሳ ቤት ያውካል፣ ብልሹውን ለይቶ ማግኘትም ጊዜ ይወስዳል። ሥጋቱ በመርሕ ደረጃ እውነት አለው። ነገር ግን ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ደንበኞች የራሳቸውን የፋይበር መሣሪያ ሲሰኩ ኖረዋል፣ የተፈራው ጥፋትም በገሃድ አልታየም፤ የአቅራቢው የገዛ ኦኤንቲም ቢሆን ከመበላሸት ነፃ አይደለም። ኤጀንሲው በ2025 ልዩ ፈቃዱን ሳይሰጥ ቀረ።

ዛሬ በዶይቸ ቴሌኮም ፋይበር የራሱን መሣሪያ የሚያገናኝ ሰው የኦኤንቲውን መለያ ቁጥር ያስመዘግባል። ከዚያ ራውተሩ ላይ የቪላን (በመስመሩ ውስጥ የኢንተርኔቱን መረጃ የሚለይ ምልክት) ቁጥር 7 እና ፒፒፒኦኢ የተባለውን የግንኙነት ዓይነት ይመርጣል። የመግቢያ ስሙ ረጅም ነው፦ የመስመሩ መለያና የደንበኛው ቁጥር ተቀጣጥለው ይጻፋሉ፣ 0001 ይከተላል፣ መጨረሻው @t-online.de ነው። አንድ አኃዝ ከተዛባ መስመሩ አይነሳም፤ የሚከሰሰው ግን ሁልጊዜ ፋይበሩ ነው። እንደ ፍሪትዝቦክስ 5590 ፋይበር ያሉት ራውተሮች የፋይበሩን ገመድ በቀጥታ ስለሚቀበሉ ለብቻው የቆመ ኦኤንቲ አያስፈልጋቸውም።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ ነገሩ ቀድሞ ተጀመረ። ቴክሳስ ነዋሪ የነበረው ቶማስ ካርተር የመስክ ሬዲዮን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ ካርተርፎን የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ይሸጥ ነበር፤ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ከለከለ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1968 ኔትወርኩን እስካልጎዳ ድረስ የውጭ መሣሪያ ሊከለከል አይገባም ብሎ ወሰነ። ዛሬ በቬራይዘን ፋይበር ኦኤንቲው የኩባንያው ሆኖ ይቀራል፣ ራውተሩ ግን እንደ ደንበኛው ምርጫ ነው። በኤቲ ኤንድ ቲ ፋይበር ሳጥኑ ውስጥ ያለ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅ ደንበኛው ራውተሩን የሚሰካው ከኩባንያው ሳጥን በስተጀርባ ነው። በ2019 መጨረሻ የወጣ ሕግ ደንበኛው ራሱ ላቀረበው መሣሪያ አቅራቢው ኪራይ እንዳያስከፍል ይከለክላል።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2015/2120 መሣሪያን የመምረጥ መብት ይሰጣል፤ ኔትወርኩ የሚያበቃበትን ቦታ ግን ለየአገሩ ተቆጣጣሪ ትቶታል። ጣሊያን በ2018፣ ኔዘርላንድ በ2022 ለተጠቃሚው የሚያደላ ደንብ ሥራ ላይ አውለዋል።

በኢትዮጵያ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ጥቂት ነው። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ዓ.ም. የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባትና መሸጥ በብርቱ ያስቀጣል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ወደ ገበያ የሚገቡ መሣሪያዎችን የመፈተሽና የማጽደቅ ሥልጣን አለው። በተግባር በአዲስ አበባ ቤቶች የተለመደው የኢትዮ ቴሌኮምን ሳጥን ሳይነኩ ቲፒሊንክ ወይም ቴንዳ ራውተር ከጀርባው መጨመር ነው፤ ዋይፋዩ ወደ ኋላ ክፍሎችና ወደ ሰርቪስ ቤት እንዲደርስ ነው። ኦኤንቲውን ራሱን መለወጥ ግን የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ቀድሞ መጠየቁ ይሻላል።

ሲገጠም የሚያጋጥሙ ነገሮች

አዲስ ራውተር ከአቅራቢው ሳጥን ጀርባ ሲሰካ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ካልተቀየረ ይጋጫሉ። የተሻለው መንገድ የአቅራቢውን ሳጥን መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ፣ ማለትም በብሪጅ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህ ካልተፈቀደ የአዲሱን ራውተር ሥራ ወደ ዋይፋይ ማሰራጫነት ዝቅ ማድረግ ያዋጣል፤ የመጀመሪያውን ሳጥን ዋይፋይ ማጥፋትም አይረሳ።

ፒፒፒኦኢ መስመሩ ላይ በሚሄደው በየመረጃ ጥቅሉ ላይ 8 ባይት ስለሚጨምር የጥቅሉ ትልቁ መጠን ከ1500 ወደ 1492 ባይት ይወርዳል። ይህ ሳይስተካከል ሲቀር አንዳንድ ድረ ገጾች ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ መሽከርከር ብቻ ይሆናል ሥራቸው። እንደ ጀርመኑ ዶይቸ ግላስፋዘር ባሉ አቅራቢዎች አንድ የአይፒ አድራሻ በብዙ ደንበኞች መካከል ይጋራል፤ ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የቤትን ካሜራ ለማየት የሚፈልግ ሰው የቱንም ያህል ውድ ራውተር ቢገዛ ችግሩ አይፈታለትም። የቤት ስልክ በአቅራቢው ሳጥን በኩል የሚሠራ ከሆነም ሳጥኑ ሲነሳ ስልኩ ይጠፋል፤ የስልኩ የመግቢያ መረጃ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

የፋይበሩን ገመድ ራሱን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤት መሰኪያዎች በብዛት የሚጠቀሙት ጫፉ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተቆረጠውን አረንጓዴ ማያያዣ ነው፤ ሰማያዊው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ሁለቱ በግድ ሲገጣጠሙ ምልክቱ ይዳከማል፣ ጫፉም ሊጫር ይችላል። ብርሃኑ በዓይን የማይታይ ስለሆነ ጫፉን ወደ ዓይን አቅርቦ "ይበራል ወይ?" ብሎ ማየት አደገኛ ነው። ሲነቀል ክዳኑን ወዲያውኑ መመለስ ይገባል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት መስመር ታቋርጣለች።

የአቅራቢው ኃላፊነት የሚያበቃው ኔትወርኩ በሚያበቃበት ነው። ብልሽት ሲነገራቸው የድጋፍ ሠራተኞች መጀመሪያ የሚሉት "የእኛን ሳጥን ሰክተው ይሞክሩ" ነው፤ አሮጌው ሳጥን ከነአስማሚው ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ብዙ ሰዓት ይቆጥባል። የኪራይ ሳጥን ከሆነ ግን መመለሻ ቀን አለው፤ ካልተመለሰ ዋጋው ወይም ኪራዩ በሂሳቡ ላይ ይመጣልና ሲልኩት ደረሰኙን መያዝ ነው።