ለኬንያ ጉዞ ስትዘጋጁ አንደኛ ተሰሎንቄን አንብቡ

በዚህ ሰመር ከቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር ወደ ኬንያ፣ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ለመሄድ የተመዘገባችሁ ወገኖች፣ ጌታ ይባርካችሁ። ሰሞኑን የሚበዛው ጥያቄ ስለ ሻንጣ ነው። እሱ ቀላል ነው። የቢጫ ወባ ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ውሰዱ፤ ካርዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ። ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ከተመለሳችሁ በኋላም የሚዋጥ አለ። ናይሮቢ በጁላይ ትበርዳለች፤ ሹራብ አትርሱ። በቃ።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ።

ጳውሎስ በተሰሎንቄ ብዙ አልቆየም። የሐዋርያት ሥራ 17 ላይ ሦስት ሰንበት በምኵራብ ከሰዎቹ ጋር እንደተነጋገረ እናነባለን። ከዚያ ሁከት ተነሣ፤ ወንድሞችም በሌሊት ወደ ቤርያ ሸኙት። የአጭር ጊዜ ሚሽን ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ "አጭር ጉዞ ምን ይጠቅማል? ቱሪዝም ነው" ከሚሉት ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ዋናው ጥያቄ እዚያ ሳለ አኗኗሩ እንዴት ነበር፣ ከሄደ በኋላስ ምን አደረገ የሚለው ነው።

"ከእናንተ በአንዱ ስንኳ እንዳንከብድበት ሌሊትና ቀን እየሠራን" ይላል (1ኛ ተሰ. 2፥9)። እንግዳ ይከብዳል። እኛ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገንም፤ ቤት ያፈራውን ሁሉ ለእንግዳ አቅርበው ራሳቸው ጦማቸውን የሚያድሩ እናቶች ያሳደጉን ነን። ቡድኑ ሲደርስ ሞግዚቶቹ ልጆቹን ትተው ለእናንተ ምግብ መሥራት ይጀምራሉ። ደግሞም በጁላይ የኬንያ ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸው፤ እረፍታቸው ኦገስት ላይ ነው። ልጆቹ "እንግዳ መጣ" ተብሎ ከክፍል ወጥተው ሊዘምሩላችሁ ከተሰለፉ፣ ከብዳችሁባቸዋል ማለት ነው። ዝማሬው ምንም ያህል ቢያስለቅሳችሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ምን ሥራ እንዳለ ጠይቁ። እኛ ምን መሥራት ደስ ይለናል ብላችሁ አትጀምሩ። ግድግዳ ቀለም መቀባት የቡድኖች ሁሉ ተወዳጅ ሥራ ነው፤ ግን ቀለም ቀቢ እዚያው ሰፈር ሞልቷል፣ ለእሱ የቀን እንጀራው ነው። ከመካከላችሁ ነርስ ካለች ሞግዚቶቹን የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ታስተምር። የሒሳብ ሰው ካለ መዝገባቸውን ለማስተካከል ይቀመጥ። "አሁን የምንፈልገው የለም" ካሉም እመኗቸው።

ጳውሎስ ደግሞ "ሞግዚት የራስዋን ልጆች እንደምትከባከብ፥ በመካከላችሁ የዋሆች ሆንን" ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ማሳደጊያ ስትደርሱ ትንንሾቹ ሮጠው ያቅፏችኋል። እኛም "እንዴት ይወዱናል!" እንላለን። ግን በእናቱ እጅ ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ የማያውቀው ሰው ሲመጣ ምን ያደርጋል? የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይደበቃል። የመጣውን ሁሉ የሚያቅፍ ልጅ ብዙ ጊዜ ብዙ ሰው መጥቶ የሄደበት ልጅ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲያለቅስ ሞግዚቷ ታንሳው፤ እናንተ የእሷን ሰሃን እጠቡ፣ ልብሱን አስጡ። ነገ ጠዋት እዚያ የምትገኘው እሷ ናት። ከልጅ ጋር ለብቻ መሆን ደግሞ በፍጹም አይፈቀድም። ማሳደጊያው ባክግራውንድ ቼክ (ያለፈ ታሪካችሁ የተጣራበትን ማስረጃ) ካልጠየቃችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ማንም ሰው ሰተት ብሎ ይገባል ማለት ነው።

የማያስደስት ነገር ልጨምር። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ወደዚያ የሚያመጣቸው በአብዛኛው ድህነት ነው፤ ምግብና ትምህርት ፍለጋ። የጎብኚ ገንዘብ ሲበዛ ደግሞ ልጆችን ለማቆየት ምክንያት ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን አይነት ጉብኝት የሚያስከትለውን ጉዳት በስሙ ጠርቶ አንሥቷል። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ማሳደጊያ መመዝገብ አቆመች፤ በ2022 ደግሞ ልጆቹን ወደ ቤተሰብ ለመመለስ የ10 ዓመት ዕቅድ አወጣች። መዝሙር 68ን ተመልከቱ። እግዚአብሔር የድሀ አደጎች አባት ነው ካለ በኋላ ወዲያው ብቸኞችን በቤት እንደሚያኖር ይናገራል። እናቱ አረብ አገር ሄዳ ወይም ሞታበት አያቱ ያሳደገችው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። የአያት ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ስለዚህ ኃላፊውን ሳታፍሩ ጠይቁ። በመንግሥት ተመዝግባችኋል? ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ዘመዱ ተመለሰ? የሚመልሱት ነገር ከሌለ፣ የትኬቱን ገንዘብ ልጆችን ከአያትና ከአክስት ጋር ለሚያኖር አገልግሎት ስጡ። የአንድ ሰው ትኬት ብቻ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ይህን ማሰብ እምነት ማነስ አይደለም።

ስለ ፎቶ አጭር ላድርገው። "ከሰው ክብርን አልፈለግንም" ይላል ያው ምዕራፍ። የልጆቹን ፊት ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አታውጡ። የእናንተ ልጅ በተቀደደ ሹራብ በማያውቀው ሰው ስልክ ላይ ቢታይ ምን ትላላችሁ?

ስትሄዱም ልጆቹን በድንገት አትሰናበቱ። ወደ ቤታችሁ የምትሄዱበትን ቀን ከመጀመሪያው ቀን ይወቁት። "ተመልሼ እመጣለሁ" የሚል ቃል አትስጡ። ጳውሎስ ራሱ ሊመጣ ፈልጎ ሰይጣን እንዳሰናከለው ጽፏል። ግን ዝም አላለም፤ መታገሥ ሲያቅተው ጢሞቴዎስን ላከ፣ ደብዳቤም ጻፈ። እናንተም ጢሞቴዎሳችሁን ከአሁኑ ምረጡ። በየወሩ ለሞግዚቶቹ የሚደውል፣ የታመመ ሲኖር ሰምቶ ለቡድኑ የሚያሳውቅ፣ ቃል የተገባውን ድጋፍ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ስሙ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይታወቅ። ፈቃደኛ ከጠፋ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉት።