ኤዲሲ ምንድን ነው?

ማይክሮኮንትሮለር (አንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው። ሴንሰር ግን የሚልከው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልት ነው። ያንን ቮልት ወደ ቁጥር የሚቀይረው የቺፑ ክፍል ኤዲሲ (ADC) ይባላል።

ብዙዎቻችን የጀመርንበትን የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ፣ አርዱይኖ ኡኖን እንውሰድ። ኤዲሲው ባለ 10 ቢት ነው (መልሱን በ10 የ0 እና 1 አሃዞች ይጽፋል)፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። 5 ቮልት ለ1024 ሲካፈል አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ያነሰ ለውጥ ላይታየው ይችላል።

ውስጡ የሚሆነው ነገር በጣም ደስ ይላል። መጀመሪያ ከኤ0 እስከ ኤ5 ካሉት የመግቢያ እግሮች (ፒኖች) አንዱ ይመረጣል (ኤዲሲው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚጠቀሙት በተራ ነው)። የዚያ እግር ቮልት አንዲት ትንሽዬ ካፓሲተር (ቻርጅ የምትይዝ ክፍል) ላይ ይሞላና፣ ልኬቱ እስኪያልቅ እንዳይለዋወጥ ይቆለፋል። ከዚያ ልክ እንደ ባለሚዛን ከትልቁ ድንጋይ ጀምሮ እያነሳ እየጣለ ይመዝነዋል። የገባው 3.3 ቮልት ነው እንበል። ከ2.5 ይበልጣል? አዎ፣ 1። ከ3.75ስ? አይ፣ 0። ከ3.125? አዎ፣ 1። እንዲህ እያለ 10 ጊዜ ይጠይቅና 1010100011 ላይ ይደርሳል፤ ይህም 675 ማለት ነው። ይሄ ሁሉ የሚፈጀው 104 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ 675 ቮልት አይደለም። የገባው ቮልት ከማመሳከሪያው ቮልት (ኤዲሲው እንደ ሙሉ ልክ ከሚወስደው ቮልት) ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ኡኖ ደግሞ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚያመሳክረው ራሱ በሚሠራበት 5 ቮልት ነው። በዩኤስቢ ገመዱ ምክንያት 5 ቮልቱ ወደ 4.7 ቢወርድ ያው 3.3 ቮልት 718 ሆኖ ይነበባል፤ ኮዳችሁ በ5 ካባዛው 3.5 ቮልት ነው ይላችኋል። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም! ሰው ግን ሴንሰር ይቀይራል።

ኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰርን እዩት። ለአንድ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በ5 ቮልት ማመሳከሪያ ይሄ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ቺፑ ውስጥ ያለውን የ1.1 ቮልት ማመሳከሪያ ስትመርጡ ግን አንዱ ዲግሪ ወደ ዘጠኝ ደረጃ ይሰፋል። ከ1.1 ቮልት በላይ የሆነው ሁሉ 1023 ተብሎ እንደሚነበብ ብቻ አትርሱ። ደግሞም 1.1 የተባለው ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ ኤሬፍ (AREF) የተባለው የማመሳከሪያ እግር ላይ በመልቲሜትር ለኩትና ትክክለኛውን ቁጥር ኮዱ ውስጥ አስገቡ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያደናግረው፣ የአንዱ እግር ንባብ ከጎኑ ያለውን እግር መምሰሉ ነው። ባትሪ ለመለካት በትልልቅ ሬዚስተሮች፣ ለምሳሌ በ1 ሜጋኦም ቮልቱን ስትከፋፍሉ ያቺ የኤዲሲው ካፓሲተር ቶሎ አትሞላም፤ የቀደመው እግር ቮልት ትንሽ ይቀርባታል። ለዚህ ነው የቺፑ ሰነድ የምንጩ ሬዚስታንስ ከ10 ኪሎኦም ባይበልጥ ይመረጣል የሚለው። ሬዚስተሩን መቀነስ ካልቻላችሁ ከእግሩ ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርጉ።